ጓሮውን በሲሚንቶ አስደፍኖ በማሰሮ ጤና አዳም

ስቶክሆልም ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ሲያልፍ እኔ ቤት ይመጣና አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ዳማከሴዋ ለምን ሞተችብኝ?» መልሱን መደጋገም ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተነሣሁ። የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ቃሌ ከረር ካለባችሁ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

1. ወረቀት

ዘርም ሆነ ችግኝ በሻንጣ ሸሽጋችሁ አውሮፓ አትግቡ፤ ወደ ኅብረቱ አገሮች ለሚገባ ተክል፣ ዘሩም ሳይቀር፣ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በቃ።

2. መስኮታችሁን ሳታውቁ አትግዙ

የጎጃም ሰው ብርድ አያስፈራውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ በሐምሌ ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህ «እኔ ብርዱን ከለመድኩት ተክሌም ይለምደዋል» እያላችሁ ትገዛላችሁ። ቤት ውስጥ የተቀመጠችውን ተክል ግን የሚገድላት ጨለማው ነው። እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስቶክሆልም ላይ በታኅሣሥ ፀሐይዋ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ እሷም ከጣሪያ ጣሪያ እየተሹለከለከች።

ብርሃን ያጣ ተክል ብዙ አይጠጣም። እናንተ ደግሞ አዝናችሁ ታጠጡታላችሁ። ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጠምቶት ነው ብላችሁ ትጨምሩለታላችሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት ተክል በማስመጥ ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ጆጉን መልሱ። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃን ቆጥቡ።

መስኮታችሁ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ የጥብስ ቅጠሉም፣ ጤና አዳሙም እዚያ ይቀመጥ። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ቤት የተሰጣችሁ ደግሞ ሽታ ያለውን ነገር ሁሉ እርሱት፤ እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለ ወፍራም ቅጠል ያላትን ሳንሰቬሪያን ግዙ። እሷ የአፍሪካ ልጅ ናት፤ ብትረሷትም ታግሣ ትኖራለች። መስኮት ሥር ያለው ማሞቂያ ላይ ግን ምንም ተክል አታስቀምጡ፣ አየሩ ቅጠሉን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል።

3. ሱቅ ውስጥ

አበባው ስለፈነዳ ብቻ አትማረኩ። የዛሬው ፍንዳታ በሳምንቱ ይረግፋል፤ እምቡጥ የበዛበትን ምረጡ። ቅጠሉን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፦ ጭረት የመሰለ ቀጭን ድር ካለ ድር የሚያደራ ጥቃቅን ተባይ አለው፤ በቅርንጫፉ ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁም አስቀምጣችሁት ሂዱ፤ ቤት ያሉትን ሁሉ ይለክፋል። ማሰሮውን አንሥታችሁ ከታች ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ ይቆጣኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ እዚያ አገር ገልብጦ ማየት ነውር የለበትም። እናቶቻችን ዶሮ ሲገዙ ደረቷን ሳይዳብሱ ይገዙ ነበር?

በጥር የገዛችሁትን ተክል በወረቀት ሳትጠቀልሉ ከሱቅ አታውጡ። ከበሩ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ያለችው አሥር ደቂቃ ትበቃለች፤ ቤት ስትደርሱ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ያገኛችሁታል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት የብርድ ካርታ አለው፤ አገሩን በዓመቱ የመጨረሻ ዝቅተኛ ሙቀት አማካይ በ13 ቀጠና ይከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሷል። የተክሉ መለያ ላይ ያለው ቁጥር ከእናንተ ቀጠና ቁጥር ከበለጠ ያ ተክል ውጭ አያድርም። ዋሽንግተን አካባቢ አጥር ሥር የሚከርመው የጥብስ ቅጠል ሚኒያፖሊስ ላይ በአንድ ሌሊት ያልቅለታል።

4. ምን ልግዛ ለምትሉ

በሶብላ የአንድ በጋ እንግዳ ናት፤ ውርጭ ከነካት ጥቁር ትሆናለች። ስካንዲኔቪያ ውስጥ በእኛ ግንቦት አጋማሽ ሳይደርስ ወደ ውጭ አታውጧት። ዳማከሴም እንዲሁ፤ ከዚያም ከመስከረም በፊት ወደ ቤት አስገቧት። ጤና አዳም ግን የአውሮፓ እኅት አላት፤ ከየችግኝ መሸጫው ትገኛለች፤ ውሃ የማይቋጥር አሸዋማ አፈር ላይ ከተከላችኋት በረዶ ሥርም ትከርማለች። ፀሐይ እያቃጠለ ባዶ እጃችሁን አትቁረጧት፣ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል። ጦስኝም አውሮፓዊ ዘመድ አለው፤ ሽታው የጮቄውን ባያህልም ለሻይ ይሆናል።

ጓሮ ያላችሁ ሰዎች ከሁሉ በፊት ጎመን ዝሩ፤ ብርዱን የሚወድ እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በእኛ መስከረም መጨረሻ መሬት ውስጥ ቅበሩና እርሱት፤ ብርዱ ራሱ ያስፈልገዋል፣ በሐምሌ ታወጡታላችሁ።

ሱቆቹ ትንንሽ የቡና ችግኝ ይሸጣሉ። አንድ ዛፍ ይመስላል እንጂ ብዙ ችግኝ በአንድ ማሰሮ ታጭቆ ነው፤ ለያይታችሁ ትከሉት። አንድ የባሕር ዳር ልጅ «ቡና የሞቃት አገር ተክል ነው» ብሎ ደቡብ መስኮት ላይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አቃጠለው። ዘጌ እየሄደ ያደገ ልጅ! እዚያ ቡናው የሚኖረው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር መሆኑን በዓይኑ አይቷል፤ ግን አላስተዋለም።

ለእንቁጣጣሽ ለምትናፍቁ ደግሞ፣ በየበረንዳው በተንጠልጣይ ቅርጫት የምትሸጠው ቢጫ ቢደንስ የአደይ አበባ የሩቅ ዘመድ ናት፤ የመጣችው ከሜክሲኮ በኩል ነው። ከእሷ ይልቅ የእኔ ደካማ ጎን የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ነው። እንደ ሽንኩርት ያለ ሥሩ በፀደይ በርካሽ ይሸጣል። በሚያዝያ ቤት ውስጥ በማሰሮ ካስጀመራችሁት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነጭ፣ መሐሉ የወይን ጠጅ የመሰለ አበባ ይሰጣል፤ ማታ ማታ ይሸታል። የእውነት የእኛ አገር ተወላጅ ነው። ስሟ «ኤትዮፒካ» የሆነው ነጯ ካላ ግን ስሟን አትመኑ፣ ደቡብ አፍሪካዊት ናት።

5. ግቢው

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ መጀመሪያም የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ስቶክሆልም የአበሻ ቤት ስትገቡ መስኮቱ ላይ ጤና አዳም አለች። ባለቤቱ እንደ ልጅ ያሳድጋታል። ቡና ሲፈላ አንዲት ዘለላ ይቀነጥስና ሲኒው ውስጥ ይጨምራታል፤ ያሸትታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ወይ አገሬ» ይላል። ያው ሰውዬ ማታ ደብረ ማርቆስ ላለው ወንድሙ ስልክ ደውሎ፣ «ግቢውን ጥርግ አድርጋችሁ በሲሚንቶ ልበጡት፣ ስመጣ ጭቃ እንዳላይ» ብሎ ገንዘብ ይልካል። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

በ2007 ዓ.ም. የእናቴን ቤት አሳደስኩ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ፤ በዚህ አልጸጸትም። ከዚያ ወደ ግቢው ዞርን፤ ለእሱ ብቻ 86,000 ብር ላክሁ። ከቤቱ ጀርባ አባቴ የተከለው ጌሾ ነበረ። እናቴ ጋን የምታጥብበት ግራዋ፣ ድፎ ዳቦ የምትጠቀልልበት ኮባ፣ በአጥሩ ጥግ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ጠጅ ሳር፣ መሐሉን ሁሉ ጎመን። ሥራውን የያዘው ሰው ሲጨርስ ፎቶ ላከልኝ፤ ግራጫ፣ ልሙጥ፣ የመኪና ማቆሚያ የመሰለ። እሰይ አልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አሳየሁ። እናቴን አንድ ቃል አልጠየቅኋትም። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ በስልክ መረቀችኝ። ሌላ ምን ትበል?

በዓመቱ መጣሁ። ቅዳሜ ከገበያ ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ፈታች። ጌሾ ነው። ገዝታ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጠላ በጠመቀች ቁጥር እየመጣች በነፃ የምትቀነጥስባት ቤት እመቤት፣ እፍኝ ጌሾ በገንዘቧ ገዝታ ቋጥራ መጣች። ምንም አላለችም፤ ወቀጠችው። ኩሽናው በር ላይ ደግሞ አፉ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አየሁ፤ ከተነቀለው ጌሾ የተረፈ ቁራጭ ሰክታበት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ስቶክሆልም መስኮቴ ላይ ያለችውን ማሰሮ አሰብኩ። እኔስ አገሬ በረዶ ነው፤ እሷ ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጣ በጀሪካን ምን አስተከላት?

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ዶፉ ሲወርድ ውሃው የሚሰርግበት አፈር ስላጣ በጎረቤት ደጃፍ ይፈሳል፤ ጎረቤት ኮርፏል። ሲሚንቶው ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት እናቴ በገዛ ግቢዋ ግድግዳ እየያዘች ትሄዳለች። በበጋ ደግሞ ነጸብራቁ በረንዳ አያስቀምጥም።

ይህንን የምነግራቸው ሰዎች «አንተ አበዛኸው፣ እኛ እኮ ዘንባባም እናስተክላለን» ይሉኛል። ዘንባባውን ያዩት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሲዝናኑ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከእሷ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ትበልጣለች። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እንደሚቀንስ አስቡና ራሳችሁ አስሉት። አንዱ ወዳጄ ለአክስቱ ግቢ የማንጎ ችግኝ ላከ፤ ሴትዮዋ ለሰባት ዓመት አጠጥታ አንድ ፍሬ አላየችም። አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ያለው ገበሬ ደከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ከጤፍ ጋር እያበቀለ ከሰል ሸጦ ኑሮውን የለወጠው አፈሩንና ገበያውን ዓይቶ ነው። እኛ ግን የምናስተክለው ሆቴል ግቢ ፎቶ የተነሣንበትን ነው።

ፍሬ ካማራችሁ ለደጋው አፕል አለላችሁ። የተዳቀለ ችግኝ ግዙ፤ «አና» የሚባለውን ብቻውን አታቁሙት፣ «ዶርሴት ጎልደን» አጠገቡ ሲኖር ነው በደንብ የሚያፈራው። ሰኔ ላይ አስተክሉ፤ ክረምቱ ራሱ ያጠጣላችኋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ግን ውሃ የሚያመላልስ የሰፈር ልጅ ቅጠሩና በየወሩ ክፈሉት፤ ለሲሚንቶ ከምታወጡት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ከዚህ ሁሉ በፊት ስልኩን አንሡና «እማዬ፣ ምን ይተከልልሽ?» በሏት። አሥር ዓመት የፈጀብኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለት የሰፈር ልጆች መሮና መዶሻ ይዘው መጡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለመስበር ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ ያኔ በደንብ ተለብጦ ኖሯል። ከሥሩ የወጣው አፈር ሽታ የለውም፣ እንደ ጡብ ደርቋል። ሦስት ማዳበሪያ ፍግ ቀላቀልንበትና ጌሾውን ከጀሪካኑ አዛወርነው። እናቴ በርጩማ አስወጥታ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። «ከአጥሩ ራቅ አድርጉት፣ ይሰፋል» አለች። ስንጨርስ ተነሥታ በምርኩዟ ሲሚንቶው ላይ ከኩሽናው በር እስከ አጥሩ ድረስ መስመር አሰመረችና ወደ ልጆቹ ዞረች፤ «ጎመኑ የነበረው ይኸውላችሁ ከዚህ እስከዚህ ነው። ነገ በጠዋት ኑ።»