ከጨረታ የመጡ ኮምፒውተሮች፦ ከመጠገን በፊት መለየት

ጥያቄ፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ በጨረታ ያወጣቸውን ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ኮምፒውተሮች ጠግኜ ልሸጥ ገዛሁ። ገሚሶቹ በተከፈቱ ቁጥር ቀናቸው ይሳሳታል፣ ዊንዶውሱም ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) የይለፍ ቃል የሚጠይቁ፣ ጨርሶ የማይነሱም አሉ። ገዢዎች ደግሞ ዊንዶውስ 11 ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰማያዊ ስክሪን አየሁ ብለህ ሃርድ ዲስክ እንዳትጥል። መጋዘን ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ የከረመ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚያልቅበት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 ብለህ ትገዛታለህ። እሷ ስትሞት ቀኑ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ባዮሱም የዲስክ አነባበቡን ጨምሮ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ ይችላል። በኤኤችሲአይ (AHCI) አነባበብ የተጫነ ዊንዶውስ ሬይድ (RAID) በሚባለው ሌላ አነባበብ እንዲነሳ ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ባትሪውን ቀይር፣ ባዮስ ውስጥ ሳታ ኦፕሬሽን ከሚለው ገጽ ኤኤችሲአይን ምረጥ፣ ከዚያ ፍረድ። ድረ ገጽ አልከፍት የሚልም ካለ ቀኑን አስተካክለህ ሞክረው፤ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ተብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ሕመማቸው ይኸው ነው።

ለይለፍ ቃሉ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅለህ ማዘርቦርዱ ላይ ፒኤስደብሊውዲ (PSWD) ከሚል ጽሑፍ አጠገብ ያለውን ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) አውጣ፤ አስነሳው፤ አጥፍተህ መልሰው።

የማይነሱት ጀርባ ላይ፣ ፓወር ሰፕላዩ ዘንድ ትንሽ የመፈተሻ ቁልፍ አለች። ገመዱ ተሰክቶ ስትጫናት አረንጓዴ ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። ካልበራ ከማዘርቦርዱ ነጥለህ ድገም፤ ያኔ ከበራ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ወይም የሌላ ክፍል ነው። ቀጥሎ ራሙን አውጥተህ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ጥረግ፣ አንድ በአንድም ሞክር። ማዘርቦርዱ የሞተበትን ለመለዋወጫ አስቀምጠው፤ ለዚህ ዕድሜ ማሽን ማዘርቦርድ መግዛት ኪሳራ ነው። ያለህን ገንዘብ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ አውለው። ከ8 ጊጋባይት ራም ጋር ሲሆን ገዢው ልዩነቱን ወዲያው ያያል።

ዊንዶውስ 11ን በተመለከተ እውነቱን ንገራቸው። በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ይጠይቃል፤ የአንተዎቹ በአብዛኛው 3ኛ ትውልድ ናቸው። በማታለያ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ዝማኔ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፣ አቤቱታውም የሚመጣው አንተ ዘንድ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ተማሪ እኔ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሲስተም ጭኜ እሰጣለሁ።

ያልጠየቅኸኝ ግን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፦ በእነዚያ ዲስኮች ላይ የተማሪ ውጤት፣ የፈተና ወረቀት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሊኖር ይችላል። ፈጣን ፎርማት (ኩዊክ ፎርማት) ማድረግ አያጠፋውም፤ ፈልጎ የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም ሞልቷል። ሃርድ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዜሮ ጻፍበት። ኤስኤስዲ ከሆነ የራሱን የሴኪዩር ኢሬዝ ትእዛዝ ተጠቀም፣ ላዩ ላይ መጻፍ ሁሉንም ክፍል አይደርስምና። መሃል ላይ ስሕተት እያለ የሚቆም ዲስክ ካጋጠመህ አትሽጠው፤ በመሰርሰሪያ ብሳው።