ለሐኪም መደወል ለሚያስፈራት የማዋለጃ ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ማዋለጃ ክፍል ከተዛወርሽ አራት ወር እንደሆነሽ፣ የማህፀን በር መከፈትን ስትለኪ ጣቶችሽን ማመን እንደሚከብድሽ፣ ሌሊት ተረኛውን ሐኪም ለመቀስቀስ እንደምትፈሪ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም ሲፈስሳት በቆምሽበት ደርቀሽ እንደቀረሽ ጽፈሻል፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለሥራው እንዳልተፈጠርሽ የሚያሳይ ምልክት ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በአዋላጅነት 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሦስቱም ነገሮች በእኔም ላይ ደርሰዋል። አንድ ላይ ሳያቸው ግን ሥረ መሠረታቸው አንድ ይመስለኛል፤ ይኸውም ጥርጣሬሽን ለብቻሽ ይዘሽ መቆየትሽ ነው።

ከልኬቱ ልጀምር። የማህፀን በር የሚለካው በዓይን ሳይሆን በሁለት ጣቶች መራራቅ ስለሆነ፣ ልምድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች እንኳ አንዲቱን እናት በተከታታይ መርምረው በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢለያዩ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ «አራት ነው ወይስ አምስት?» እያልሽ ከመጨነቅ ይልቅ ቁጥሩን ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አስተያዪው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ቁርጠት መጣ፣ እያንዳንዱስ ስንት ሰከንድ ቆየ? የፅንሱ ጭንቅላት በሆድ በኩል ሲዳሰስ ከአምስት እጁ ስንቱ ከዳሌ በላይ ቀርቷል? የማህፀን በሩ ሳስቷል ወይስ ገና ወፍራም ነው? የእንሽርት ውሃው ፈስሷል ወይ፣ ከፈሰሰስ ቀለሙ ምን ይመስላል? እርግብግቢቱን ዳስሶ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረ ማወቅ ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ ችሎታ ነው፤ በአራት ወር አልመጣልኝም ብለሽ አትዘኚ። ቁጥሩ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አልገጥም ሲልሽ ሌላ ባለሙያ ጠርተሽ አስለኪ። አንቺው ራስሽ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እየደጋገምሽ አትመርምሪ፤ ምጡ በደህና እየሄደ ከሆነ በየ4 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መደጋገሙ እናቲቱን ያሳምማል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣታል።

በሁለተኛው የሥራ ዓመቴ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ አንዲት እናት ሙሉ በሙሉ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር፣ ተከፍቶላታል ብዬ «ግፊ» አልኳት። ከፊት በኩል ግን የማህፀን በሩ ጠርዝ ገና አልተሰበሰበም ነበር። ጣቴ አንድ ነገር እንደነካ ታውቆኝ ነበር፤ ሆኖም ቀደም ብዬ «ሞልቷል» ብዬ ስለተናገርኩ ቃሌን መመለስ አፈርኩ። እናቲቱ አንድ ሰዓት ያህል ስትገፋ ቆይታ አቅሟ አለቀ፤ የማህፀን በሩም አበጠ። አንዲት አንጋፋ አዋላጅ መጥታ ስትመረምራት ገና 9 ሴንቲ ሜትር ነበር። በጎኗ ተኝታ እንድታርፍ ካደረግን በኋላ በሰላም ወለደች፤ ያቺ ሰዓት ግን እኔ በማፈሬ ምክንያት በከንቱ የተሠቃየችባት ሰዓት ነበረችና እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ካልሆንኩ መዝገቡ ላይ «ከ4 እስከ 5፤ እንደገና የሚታይ» ብዬ የተጠራጠርኩትን በግልጽ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አንጋፋዎቹ «በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር» በሚል ሕግ ያደግን ነን፤ መነሻው አሜሪካዊው ሐኪም ፍሪድማን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው የምጥ ግራፍ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ፊልፖትና ካስል ደግሞ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የምጡ ሂደት በሚመዘገብበት ቅጽ፣ በፓርቶግራፉ ላይ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮችን ጨመሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክረ ሐሳብ ግን የምጡ ንቁ ክፍል፣ ማለትም የማህፀን በሩ ፈጠን ብሎ የሚከፈትበት ጊዜ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንደሚጀምር፣ ከዚያ በፊት መዘግየቱ ብቻውን፣ እናትና ፅንስ ደህና እስከሆኑ ድረስ፣ ምጡን በመድኃኒት ለማፋጠን ምክንያት እንደማይሆን አስቀምጧል። ስለዚህ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆና «ዘገየች» የተባለች እናት ስትገጥምሽ ጥፋቱ የአንቺ ልኬት ላይሆን ይችላል።

ወደ ስልኩ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሐኪም ሌሊት ስለቀሰቀስኩት በሌሎች ፊት ጮኸብኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሌላ ፅንስ የልብ ምት መውረድ ሲጀምር ያ ጩኸት ትዝ ስላለኝ «ትንሽ ልይ» እያልኩ 40 ደቂቃ ዘገየሁ። ሕፃኑ ሰውነቱ ዝሎ ተወለደ፤ በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር መስጫ ከረጢት፣ አየር ስንሰጠው አለቀሰ፣ ዳነም። ያን 40 ደቂቃ ያስቆጠረኝ የሐኪሙ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ምን ብዬ እንደምጠራው አለማወቄም ጭምር ነበር። «ዶክተር፣ አንዲት እናት ደህና አልመሰለችኝም» የሚል ጥሪ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ሊያስነሣው አይችልም። እንዲህ በዪ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ፣ 7 ሴንቲ ሜትር የተከፈተላት እናት አለችኝ። ባለፉት ሦስት ቁርጠቶች የፅንሱ የልብ ምት ቁርጠቱ ካለፈ በኋላም 100 ላይ እየቆየ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። በጎኗ አስተኝቻታለሁ፣ ምጡን ለማፋጠን የሚሰጣትን ኦክሲቶሲን አቁሜያለሁ። ፅንሱ ታፍኗል ብዬ እሰጋለሁ፤ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን እንደምትሰጊና ምን እንደምትፈልጊ በአንድ ትንፋሽ ተናገርሽ ማለት ነው። ከመደወልሽ በፊት በወረቀት ጻፊው፤ እኔ ለዓመታት እየጻፍኩ ነው የደወልኩት። የደወልሽበትን ሰዓትና የተሰጠሽን መልስም መዝግቢ። የሚመጣ ከሌለ ወይም የሚመልስልሽ ቁጣ ብቻ ከሆነ ከእሱ በላይ ላለው ኃላፊ ደውዪ፤ ይህ የሥራ ግዴታሽ እንጂ ክስ አይደለም።

ጥሪሽ ክብደት እንዲኖረው ግን የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጥሽ የተስተካከለ መሆን አለበት። በንቁ ምጥ ጊዜ በየ30 ደቂቃው፣ መግፋት ከጀመረች በየ5 ደቂቃው፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ አዳምጪ፤ ቁርጠቱ እያለ ጀምረሽ ካለፈም በኋላ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቀጥዪ። ጤናማው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። በሌላው እጅሽ የእናቲቱን የእጅ ትርታ ያዢ፤ የእናትን ምት የፅንስ ነው ብሎ መመዝገብ ከምታስቢው በላይ የተለመደና ክፉ ስህተት ነው።

ደም ሲፈስስ መድረቅሽን በተመለከተ፣ የደረቅሽው ስለማታውቂ አይመስለኝም፤ ሁሉንም ለብቻሽ በተራ ልትሠሪ ስላሰብሽ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥራ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሰው መጥራት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በተራ የሚሠራ ሳይሆን አብሮ የሚሠራ ነው፤ አንዷ ማህፀኑን ታሻለች፣ ሌላዋ የደም ሥር ከፍታ ማህፀኑን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን፣ ፈሳሽና ደም መፍሰስን የሚገታ 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ ትሰጣለች፣ ሦስተኛዋ ፊኛዋን አስለቅቃ የተቀደደ ቦታና የቀረ የእንግዴ ልጅ እንዳለ ታያለች፣ ሰዓቱንም ትመዘግባለች። ትራኔክሳሚክ አሲዱ ከወሊድ በኋላ 3 ሰዓት ሳያልፍ መሰጠት አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። በአራት የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ደሙን በዓይን ከመገመት ይልቅ መለኪያ ባለው ላስቲክ እየሰበሰቡ ሕክምናውን በአንድነት መስጠት ከባድ የደም መፍሰስንና ተያያዥ ጉዳቶቹን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዓይናችን ደምን አሳንሶ ስለሚያይ ይህ አያስደንቀኝም። ላስቲኩ ከሌላችሁ የተነከሩትን ጨርቆች መዝኑ፤ የእናቲቱ የልብ ምት ከፈጠነ ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ አትጠብቂ። በየርክክቡ «ዛሬ ደም ቢፈስስ ማን ምን ይይዛል?» ብላችሁ ተከፋፈሉ፤ ኦክሲቶሲኑ በማቀዝቀዣው ውስጥ መኖሩን፣ አምቡ ባጉና ጭንብሉም እንደሚሠሩ በእጅሽ ነክተሽ አረጋግጪ። አንቺ የደረቅሽባት ሌሊት ይህ ክፍፍል አስቀድሞ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እጅሽ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር።

እንቅልፍ ስላጣሽበት ጉዳይ፣ በዚያ ሌሊት አብረውሽ ከነበሩት አንዷን አግኝተሽ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል ተነጋገሩበት፤ ለብቻሽ ስታስቢው የምትዘይው ብዙ ነገር አለ። ለሳምንታት እየመጣ የሚያባንንሽ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከማማከር ወደኋላ አትበዪ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጠቅሞኛል።

አትልቀቂ፤ አራት ወር ለዚህ ክፍል አጭር ነው። ለመወሰን ከመቸኮልሽ በፊት የክፍሉን ኃላፊ ለሁለት ወር ያህል ከአንዲት ልምድ ካላት አዋላጅ ጋር አንድ ተራ ላይ እንድትመድብሽ ጠይቂያት። አብራችሁ ስትሠሩ ሁለተኛው ምርመራ ለእናቲቱ ተጨማሪ ሕመም እንደሆነ አትርሺና አስቀድመሽ አስረድተሻት ፈቃዷን ጠይቂ፤ ከዚያ አንቺ መጀመሪያ ለክተሽ ቁጥርሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ አዋላጇ ቀጥላ ትለካና የእሷን ትነግርሻለች። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ የእሷን አስቀድመሽ ከሰማሽ ጣትሽ የተባለውን ቁጥር ማግኘቱ አይቀርምና።