ከፒክአፕ የኋላ እግር ስለሚመጣ ድምፅ ጠይቁ

የቶዮታ ሂሉክስ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) እና ትራስሚሲዮን (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ) ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስትጠይቁ «ይጮኻል» ብቻ አትበሉኝ፤ መቼ እንደሚጮህ ንገሩኝ። ነዳጅ ሲሰጥ ነው ሲለቀቅ? ቀጥ ሲል ነው ሲታጠፍ? ግማሹ ምርመራ እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም። ከ60 በላይ ስነዳ ከኋላ እንደ ንብ ይጮኻል፤ ነዳጅ ስለቅ ይጠፋል። መካኒኩ «ዲፈረንሻሉ ሙሉ ይቀየር» አለኝ።

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ነዳጅ ስትሰጥ ብቻ የሚመጣ ጩኸት የሚያስጠረጥረው ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚነካከሱት የኮሮናና የፒኞን (የትልቁና የትንሹ ማርሽ) ጥርስ ወይም የፒኞን ኩሽኔታ (ፒኞኑን ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት) ነው። ግን መጀመሪያ ዘይቱን እይ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁምና የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ፍታ። የታችኛውን አስቀድመህ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢልህ መኪናህ እዚያው ቀረች ማለት ነው። ጣትህን አጥፈህ አስገባ፤ ከቀዳዳው አፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ዘይት ካልነካህ ጎድሏል። የነካኸውን በሁለት ጣትህ እሸው። እንደ ጥላሸት የለሰለሰ ነገር የተለመደ ነው። የሚቆረቁርና የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካገኘህ ግን ይከፈት። ያየኸውን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ የኔ ነዳጅ ብሰጥም ብለቅም ያው ነው፤ ይጎረምራል። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይብሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። የግራውን የኋላ ኩሽኔታ አስፈትሺ። ከዚያ በፊት ግን ጎማውን በመዳፍሽ ወዲያና ወዲህ ዳብሺው፤ በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ድምፁም አስፋልቱ ሲለወጥ የሚለወጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ጥያቄ፦ ከቆምኩበት ስነሳ «ቋ» ይላል። የኋላ ማርሽ ሳስገባም እንደዚያው።

መልስ፦ ክሮቼራ (ትራስሚሲዮኑ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል መገጣጠሚያ) ይመስላል። ሞተሩን አጥፋ፣ የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርግ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ የትራስሚሲዮኑን ዘንግ በእጅህ ጠምዝዘህ ክሮቼራው መላላቱን እይ። በክሮቼራው ቆቦች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ ግራሶው አልቋል። ሲፈታ ዘንጉና የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ተዛብቶ ከተገጠመ መንቀጥቀጥ ይጀምርሃል። እግረ መንገድህን ባሌስትራውን (የብረት ንብርብር ሞላውን) ከአክስሉ ጋር ያቀፉትን ቡሎኖችም አስጠብቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወንዝ ተሻግሬ ከመጣሁ ወዲህ ነው ኡኡታው የጀመረው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘይቱን ዛሬውኑ ያስወርዱት። ሲነዳ የዋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚዘጋው ቀለበት) በኩል ውኃ ይስባል። የወጣው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ደረጃው ጂ.ኤል. 5፣ ውፍረቱ 85ደብልዩ-90 የሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ይሙሉበት፣ ጥቂት ቀን ነድተው እንደገና ይቀይሩት፤ የቀረው ውኃ ያኔ ይወጣል። አክስሉ ላይ ያለውን መተንፈሻም ያስጠርጉ። እባክዎ በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አይውጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ከፈትኩት። ጣቴ ዘይት አልነካም! ስባሪ ግን የለም። ትራስሚሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ የሚገናኝበት ቦታ በአቧራ የተለወሰ ዘይት አለ።

መልስ፦ ጎሽ! የፒኞኑ ኦይል ሲል ነው። አስቀይረውና ዘይት ሙላበት። ድምፁ ከቀነሰ በጊዜ ደርሰህለታል፤ ካልቀነሰ ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው ተበልቷልና ያኔ ይከፈታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኦይል ሲሉን ለማውጣት የፒኞኑ ዳዶ ይፈታል። በብዙዎቹ ሂሉክሶች ከውስጥ ተጨምቃ የኩሽኔታውን ጥብቀት የምትወስን ቀጭን ቀለበት አለች፤ አንዴ ከልክ በላይ ከተጨመቀች አትመለስም፣ ኩሽኔታውም ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ አዲስ ቀለበት ይገዛ፣ ጥብቀቱም በመለኪያ ይሁን። «በጉልበት እንጠርቀው» የሚልህ ካለ ቁልፉን ተቀበለው።