እጩው «መብራት አመጣለሁ» ሲል ምን ብለን እንጠይቀው?

ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እጩ ሁሉ «ታዳሽ ኃይልን እደግፋለሁ» ይላል። በምን እንለያቸው?

መልስ፦ በዚህ አባባል አይለዩም። የአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ደግሞ ከነፋስ። ታዳሽን እቃወማለሁ ብሎ ድምፅ የሚለምን የለም። ልዩነቱ የሚወጣው ገንዘቡ ለማመንጫ ይዋል ወይስ ለመስመር፣ ታሪፉ ስንት ይሁን፣ ባለሀብቱ በምን ዋስትና ይግባ ሲባል ነው።

ጥያቄ፦ ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ፒያሳ ላይ መብራት ለምን ይጠፋል?

መልስ፦ እዚህ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ሜጋ ዋት አቅም ነው እንጂ ምርት አይደለም። 5,150ን በዓመቱ 8,760 ሰዓት ቢያባዙት 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት (የምርት መለኪያው ነው) ገደማ ይመጣል፤ የግድቡ የታቀደ ዓመታዊ ምርት ግን ወደ 15,760 ነው፣ 35 በመቶ ማለት ነው። ጉድለት አይደለም፤ ዓባይ በዓመት የሚሰጠው ውሃ ልኩ ያ ነው፣ ተርባይኖቹም ፍላጎት ጣሪያ ለሚነካበት ሰዓት ጭምር የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሜጋ ዋት እጨምራለሁ» ያለውን ሁሉ «በዓመት ስንት ጊጋ ዋት ሰዓት?» ይበሉት። 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ በአቅሙ 20 በመቶ ቢሠራ 175 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጠው። ይህን ጥያቄ የማይመልስ እጩ ቁጥሩን ከሰው የሰማው ነው።

የፒያሳው ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግድቡ ጋር አይገናኝም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 200 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ነው እንበል። በ0.9 ፓወር ፋክተር፣ ማለትም ከአቅሙ 90 በመቶው ለሥራ ሲውል፣ 180 ኪሎ ዋት ይሸከማል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 51 ምጣድ አንድ ጊዜ ከተሰካ፣ ፍሪጅና አምፖል ሳይቆጠር፣ ሞላ ማለት ነው። 7 ኪሎ ዋት የሚስብ የመኪና ቻርጀር ሁለት ምጣድ ነው። ጭነቱ ሲያልፍ መጀመሪያ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቀጥሎ ፊውዙ ይበጠሳል። ፊውዙን በወፍራም ሽቦ ከተኩት ደግሞ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል። እጩውን «በየትኛው ወረዳ ስንት ትራንስፎርመር፣ በየትኛው በጀት ዓመት?» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ ኃይል ቃል መግባት ይችላል?

መልስ፦ በልኩ። ማመንጨትና ከፍተኛ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ሁለቱም የፌዴራል ናቸው። ከተማው የሚይዘው ለትራንስፎርመር የሚሆን ቦታን፣ ለኬብል የሚቆፈርበትን ፈቃድ፣ የመንገድ መብራትንና የቆሻሻ አሰባሰብን ነው። በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ 25 ሜጋ ዋት ጣቢያ የሚነድደው በከተማው ቆሻሻ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በብዛት የምግብ ትራፊ ስለሆነ ርጥብ ነው፤ ርጥብ ነገር ደግሞ ሙቀቱን ውሃውን በማድረቅ ይጨርሰዋል። ስለ ረጲ የሚያወራ የከተማ እጩ ቆሻሻን ከየቤቱ ስለ መለየት ካላነሣ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

ጥያቄ፦ «በየኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ሶላር» የሚለውስ?

መልስ፦ በጎ ሐሳብ ነው፤ ሒሳቡ ግን ይሠራ። አዲስ አበባ ላይ 1 ኪሎ ዋት ፓነል በጥሩ ቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይቀንሳል። የአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ ብቻ 5 ገደማ ይበላል። ምጣድ የሚችል ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት የሚለውጥ መሣሪያ) ደግሞ 5 ኪሎ ዋት ቢሆን ይሻላል። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለውሃ ፓምፕ ከሆነ አዋጭ ነው። ጣሪያው የጋራ ንብረት ስለሆነ የነዋሪዎች ማኅበር ካልተስማማ ማንም አይወጣበትም። የእርሳስ ባትሪ በ3 እና በ5 ዓመት መካከል ይሞታል፤ የሚተካው ማን እንደሆነ ማኒፌስቶው ላይ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ውሃ ካለን ነፋስና ፀሐይ ለምን?

መልስ፦ በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። የአዳማ ዓይነት የነፋስ ጣቢያ በበጋ ይበረታል፤ ያን ጊዜ የግድቡ ውሃ ይቆጠባል።

ጥያቄ፦ «ታሪፍ አወርዳለሁ» ላለው ድምፄን ልስጠው?

መልስ፦ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት የሚጨምር ታሪፍ ተግባር ላይ ነው። አወርዳለሁ የሚል ሰው ልዩነቱን ከየትኛው በጀት እንደሚሸፍን ይንገርዎት። ካልሆነ የሚዘገየው ያው የእርስዎ ትራንስፎርመር ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ እጩዎቹ በዚህ ጉዳይ ይናከሳሉ ይሉኛል።

መልስ፦ እነሱ ጋ ጋዝና የድንጋይ ከሰል ገና ትልቅ ድርሻ አላቸው። በባይደን ጊዜ በ2022 እ.ኤ.አ. የሰፋው የነፋስና የፀሐይ ግብር ቅናሽ በትራምፕ በ2025 ሕግ እንዲያጥር ተደርጓል። የኛ ጠብ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እጩው «የግል ባለሀብት ይገነባዋል» ቢለኝስ?

መልስ፦ ባለሀብቱ የሚሸጠው በብር ነው፣ ብድሩን የሚመልሰው በዶላር። «የምንዛሬ ዋስትናውን ማን ይሰጣል? ብር ሲወርድ ክፍያው እንዴት ይስተካከላል?» ይበሉት። የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ሽያጭ ውል የተፈረመው በ2010 ነው፤ ጉድጓድ መቆፈሩም፣ ፋይናንሱን ማሟላቱም ዓመታት ይበላል። «በዚህ ምርጫ ዘመን» የሚል ቃል ሲሰሙ ቁፋሮው የት እንደደረሰ ይጠይቁ። ጥያቄዎን ግን ቀድመው ያቅርቡ፤ ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ስለሚቆም የሚመልስልዎ እጩ አያገኙም።