የፋብሪካ አመድና የልስን ስንጥቅ፦ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ልስን መሰንጠቅና በሲሚንቶ ፋንታ አመድ ስለመቀላቀል ጥያቄው ስለበዛ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልስኔ ሲደርቅ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፣ ሲሚንቶ አንሶት ነው?
መልስ፦ ኧረ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ሲሚንቶና ውሃ በዝቶበት ነው። ለሳኙ እንዲቀለው ውሃ ይጨምርበታል፣ ያ ትርፍ ውሃ ሲተን ሞርታሩ (የሲሚንቶ፣ አሸዋና ውሃ ድብልቁ) ይኮማተራል፣ ብሎኬቱ ደግሞ ወጥሮ ይይዘዋል፣ እና ይሰነጠቃል በቃ።

ጥያቄ፦ ፍላይ አሽ እንዴት ነው የሚረዳው?
መልስ፦ የድንጋይ ከሰል ከሚያቃጥል ኃይል ማመንጫ ጭስ ላይ የሚሰበሰብ ዱቄት ነው። ቅንጣቱ ድቡልቡል ስለሆነ ሞርታሩ በትንሽ ውሃ ይለሰልሳል፣ ከሲሚንቶውም ከ15 እስከ 30 ፐርሰንቱን ይተካል፣ ከዛ ሲሚንቶው ከሚለቀው ኖራ ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ቀስ ብሎ ያልኩትን ያዙልኝ! በ28 ቀን ወደኋላ ሊል ይችላል፣ በ90 ቀን አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ውሃ አጠጥቶ የሚተው ሰው አመዱን ባይነካው ይሻለዋል፣ ስንጥቁ ሊብስበት ሁሉ ይችላል።

ጥያቄ፦ በፍላይ አሽ ፋንታ የስኳር ፋብሪካ አመድስ?
መልስ፦ እነ ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ የአገዳውን ገለባ ቦይለር ውስጥ ያቃጥሉታል፣ አመዱ ሲሊካ (ከኖራው ጋር የሚዋሃደው ነገር) አለው፣ በጣም ነው የምወደው ሀሳብ። ግን እንደወጣ አይሆንም፣ ቅንጣቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውና ያልተቃጠለ ካርቦን የቀረበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ እናንተ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ተመልሶ ያው መኮማተር! ጥቁር ከሆነ ካርቦኑ ብዙ ነው ማለት ነው። በደንብ መቃጠል፣ ከዛ ተፈጭቶ እንደ ሲሚንቶ መድቀቅ አለበት።

ጥያቄ፦ የእንጀራ ምድጃ አመድስ?
መልስ፦ አይሆንም፣ እሱ በብዛት ካልሲየምና ፖታሽ ነው፣ ሲሊካው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ረጲ ላይ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚወጣው አመድስ?
መልስ፦ በፍጹም እቤታችሁ እንዳታስገቡ። የቆሻሻ አመድ ከባድ ብረታ ብረትና ክሎራይድ ይኖረዋል፣ ክሎራይዱ ፌሮውን ያዝገዋል።

ጥያቄ፦ ፒፒሲ ሲሚንቶ ላይ አመድ ልጨምርበት?
መልስ፦ ፒፒሲ ራሱ እኮ ፖዞላና (እንደ ፍላይ አሽ ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ዱቄት) ተቀላቅሎበት ነው የሚመጣው፣ እላዩ ላይ ሌላ አትደርብ። አመድ የምትሞክር ከሆነ በኦፒሲ (ፖዞላና ባልተቀላቀለበት ተራ ሲሚንቶ) ይሁን፣ መጀመሪያ አንድ ካሬ በአመድ አንድ ካሬ ያለ አመድ ለስነህ፣ ሁለቱንም ቢያንስ 7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጥተህ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በጆንያ ሸፍነህ፣ ወር ቆይተህ እያቸው።