የእናትሽን ሸክላ ስታሳዪ

ከቢቸና ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

በማርኬቲንግ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። እናትሽ ሸክላ እየሠሩ ገበያ ያወጣሉ። ሥራቸውን ቲክቶክ ላይ ልታሳዪ አስበሻል። ጓደኛሽ «የሀበሻ ቀሚስ አልብሻቸው፣ የሦስት ሺህ ዓመት ጥበብ በይ፣ አለዚያ ማንም አያይሽም» አለችሽ። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውም አስጨንቆሻል።

ከጎረቤቱ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ሆኖም ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ማለት ጎጃም ውስጥ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ቪዲዮው ላንቺ ሥራ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ገበያ ተቀምጠው የሰውን ፊት የሚያዩት ግን እናትሽ ናቸው። ፊታቸው ይታይ? ስማቸው ይጠራ? ሰፈሩስ? እሳቸው ይወስኑ። እጄ ብቻ ይታይ ካሉ እጃቸው ብቻ ይታይ። ኮሜንት ላይ ስድብ ሲመጣ ብሎክ ማድረግ ያንቺ ድርሻ ነው።

በጓደኛሽ ምክር አልስማማም። ሦስት ሺህ ዓመቱን ተይው፤ ማስረጃ የለሽም። እናትሽም ሁልጊዜ ለሥራ የሚለብሱትን ይልበሱ። አፈሩ ሲወቀጥና ሲነፋ አሳዪ። አሮጌ ገል ተፈጭቶ ሲገባበት ለምን እንደሆነ ተናገሪ፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ነው። የጀበና አንገት ያለ ማሽን፣ በጣት ብቻ ሲወጣ ካሜራውን አስጠግተሽ ዝም በይ። በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ የሚሰማው ድምፅ ይበቃል፤ ሙዚቃ አትጫኚበት። ከእሳቱ ተሰንጥቆ የወጣውንም አትደብቂ። ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያለ ክርክር የሚገባው ሰው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ማሟሸትን አትዝለይ። አዲስ ምጣድ የገዛ የከተማ ሰው የመጀመሪያው እንጀራ ሲጣበቅበት «ሸክላው አይረባም» ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ አለመሟሸቱ ነው። እናትሽ ምጣዱን አግለው፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየነሰነሱ በጨርቅ ሲያሹት፣ ምጣዱም እየጠቆረ እየለሰለሰ ሲሄድ ሳታቋርጪ ቅረጪው። ሰው ሴቭ አድርጎ የሚይዘው፣ ለእህቱ የሚልከው እንዲህ ያለውን ነው።

ትዕዛዝ ሲበዛ ከጎረቤት ሠሪ ትወስጂ ይሆናል። ነውር የለውም፤ ብቻ «እናቴ የሠራችው» ብለሽ እንዳትሸጪው። የማን እጅ እንደሆነ ሠሪዋ ከፈቀደች ተናገሪ፣ ድርሻዋንም በጊዜው ክፈያት። በክረምት ሸክላ ቶሎ ስለማይደርቅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትዕዛዝ ቀንሺ። ዋጋ ስታወጪ እንጨቱን፣ ኩበቱን፣ የሚሰበረውንና የእናትሽን ድካም ደምሪ። ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ስትልኪ በጭድ አጥብቀሽ ጠቅልይው፤ መንገድ ላይ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል አስቀድመሽ ከገዢው ጋር ተስማሚ።

ሥራ ማመልከቱን እንዳታቆሚ። የትኛው ቪዲዮ ስንት ጥያቄ እንዳመጣ፣ ስንቱ እንደገዛ፣ በቴሌብር ስንት እንደገባ ደብተር ላይ መዝግቢ። ቀጣሪ «ልምድ አለሽ ወይ?» ሲልሽ ያንን ደብተር አውጥተሽ ታሳዪዋለሽ። ሲቪሽ ላይም ከዲግሪሽ ቀጥሎ ጻፊው።