ዋቢዎቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፦ ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ጥያቄና መልስ

አራሚው፦ ለጆርናል የሚላኩ ጽሑፎችን የዋቢ ዝርዝር በማረም ብዙ ዓመት ስላሳለፍሁ፣ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ የምታቀርቧቸውን ጥያቄዎች ለመመለስ ተስማምቻለሁ። ስትጠይቁ የምትልኩለት ጆርናል የትኛውን ስልት እንደሚከተል፣ ምንጩም መጣጥፍ ይሁን መጽሐፍ ወይም ድረ ገጽ ግለጹልኝ። ይህን ያልገለጸ ሰው በመልስ ፈንታ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር)፣ ከቫንኩቨርና ከቺካጎ የአጠቃቀስ ስልቶች የትኛው ይሻላል?

አራሚው፦ የጆርናሉ የጸሐፊዎች መመሪያ ያዘዘው።

ሐረግ፦ በኤፒኤ ሰባተኛ እትም ደራስያን ሲበዙ ስንቱ ይጻፍ? አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው ሃያ ይላል፤ ተምታታብኝ።

አራሚው፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ቦታ ነው። በጽሑፉ መካከል ደራስያኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የፊተኛው ደራሲ ስም ብቻ ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። በዋቢ ዝርዝሩ ግን እስከ 20 ድረስ ሁሉም ይዘረዘራሉ፤ 21 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ 19 ተጽፈው፣ ሦስት ነጥብ ገብቶ፣ የመጨረሻው ይከተላል። የአሳታሚውን ከተማ መጻፍ የቀረውም በዚሁ እትም ነው። በስድስተኛው እትም የተጻፈ አሮጌ ማብራሪያ እየተከተሉ ሰባተኛውን ተጠቅሜያለሁ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ቀለም፦ ከሌላ ሰው ጥናት የዋቢ ዝርዝር ላይ ያገኘሁትን ምንጭ እንዳለ ገልብጬ ብወስድ ችግር አለው? ቅርጹ እንደሆነ ተስተካክሎ የተቀመጠ ነው።

አራሚው፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ትልቅ ችግር አለው። አንድ ጊዜ በማርመው ዝርዝር ላይ የአንድ መጣጥፍ መነሻ ገጽ 1137 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። መጣጥፉን ስከፍተው የሚጀምረው በ1173 ነበር። ቁጥሩ የተገለበጠበትን ጥናት ባየው እርሱም 1137 ይላል፤ እርሱ የጠቀሰው ደግሞ እንዲሁ። ሦስቱም ጸሐፊዎች ጠቀስነው የሚሉትን መጣጥፍ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ እንዳላዩት በዚህ ታወቀ። ቅርጹ በሦስቱም ዘንድ እንከን አልነበረበትም።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ትልቅ አሳታሚ ለጸሐፊዎች ባዘጋጀው ናሙና ላይ፣ የዋቢ አጻጻፍ ለማሳየት ብቻ «ቫን ደር ጌር» የተባለ ደራሲ፣ ሳይንሳዊ መጣጥፍ ስለመጻፍ ጥበብ የሚል ርእስ፣ ቅጽ 163፣ ገጽ 51–59 የሚል ምሳሌ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለ መጣጥፍ በዓለም ላይ የለም። ነገር ግን ናሙናው ላይ የራሳቸውን ጽሑፍ ሲሞሉ ምሳሌውን ሳይሰርዙ የላኩ ጸሐፊዎች ስለበዙ፣ ይህ የሌለ ሥራ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሶ ተገኝቷል። ገምጋሚም አርታኢም አልፎታል፤ ቅርጹ ያማረ ነበርና። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። ዋናውን ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ያነበባችሁትን ሥራ ስም ሰጥታችሁ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» በሉ፤ በዋቢ ዝርዝሩም የሚገባው ያነበባችሁት ነው።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ ዋቢዬን በትክክል እንደጻፍሁ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

አራሚው፦ የትኛውን ዋቢ? በየትኛው ስልት? ዋቢውን ይጻፉልኝና እንየው።

ቀለም፦ ጆርናሎች ሁሉ ሃርቫርድን ቢከተሉ ይህ ሁሉ ጣጣ በቀረ ነበር።

ሰባተኛው ረቂቅ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሃርቫርድ የሚባል አንድ ወጥ ስልት የለም። እንደ ኤፒኤ ባለቤትና መመሪያ መጽሐፍ የለውም፤ አንዱ ዓመቱን በቅንፍ ያስገባል፣ ሌላው ቅንፉን ይተዋል፣ ሁለቱም ሃርቫርድ ነኝ ይላሉ።

ቀለም፦ ባለቤት ባይኖረው ታሪክ አለው። ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባለው የሃርቫርድ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ ባወጣው ጥናት፣ የደራሲን ስምና ዓመት በቅንፍ አስገብቶ ስለጠቀሰ ጅማሬው ለእርሱ ይሰጣል።

ሰባተኛው ረቂቅ፦ ታሪክማ ቫንኩቨርም አለው። የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያች ከተማ ተሰብስበው ነው አንድ ወጥ አጻጻፍ የተስማሙት። በስም ፈንታ የሚጻፈው ቁጥር ቦታ ይቆጥባል፤ ዓረፍተ ነገሩንም በስም ብዛት አይሰብረውም።

ቀለም፦ ቁጥር 17 ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን አንባቢው በየደቂቃው ወደ መጨረሻው ገጽ መሮጥ አለበት።

አራሚው፦ ክርክሩ መልካም ነው፤ ጆርናሉ ግን የሁለታችሁንም ምርጫ አይጠይቅም። መመሪያውን አንብቡ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ሐረግ፦ ዞተሮ የተባለውን የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትን ስጠቅስ «ኦርጋናይዜሽን፣ ደብሊው. ኤች.» እያለ ያወጣልኛል። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው?

አራሚው፦ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው መዝገቡ ነው። ዞተሮ የደራሲን ስም በሁለት ሳጥን፣ የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስም ብሎ ይይዛል። ከድረ ገጽ በአንድ ጠቅታ ሲወስዱ የድርጅቱ ስም ተከፍሎ የመጨረሻው ቃል እንደ ቤተሰብ ስም፣ የቀረው እንደ ግለሰብ ስም ገባ፤ ስልቱም የታዘዘውን አደረገና አሳጠረው። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነው ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ያድርጓቸውና ሙሉ ስሙን ይጻፉበት። እንደ ዞተሮ ያሉት ሜንደሌይም ኤንድኖትም የሰጧቸውን ነው የሚመልሱት፤ ስለዚህ ምንጩን በወሰዱበት ቀን መዝገቡን ከመጣጥፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር ያመሳክሩ።

እግረ መንገዴን ልጨምር፦ በዎርድ ውስጥ ጥቅሶቹን ከፕሮግራሙ አላቅቃችሁ ወደ ተራ ጽሑፍ ከመቀየራችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ። ገምጋሚ አንድ አንቀጽ ወደ ላይ አውጡ ሲላችሁ የቫንኩቨር ቁጥሮች በሙሉ ይዛነፋሉ፤ ያን ጊዜ ሰማንያ ዋቢ በእጅ መቁጠር ይሆናል ሥራችሁ።

ቀለም፦ የጆርናል ስም እንዴት ይታጠራል?

አራሚው፦ አብዛኞቹ አይኤስኦ 4 የተባለውን ደንብ ይከተላሉ። እንደ «ኔቸር» ያለ ባለ አንድ ቃል ስም አይታጠርም። መታጠር ይኑርበት አይኑርበት የሚነግራችሁ መመሪያው ነው።

ሰባተኛው ረቂቅ፦ መምህር፣ ሁለተኛው ስም የአባት ስም የሆነባቸውን ደራስያን በየትኛው ስም እናስቀድም?

አራሚው፦ በአይስላንድም በእኛም ዘንድ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ ትክክሉ በመጠሪያ ስም መጀመር ነው፤ ብዙ ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። መመሪያው በግልጽ ከፈቀደ ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡ ይጻፉ፤ ካልፈቀደ ጆርናሉን ይከተሉ። የማይፈቀደው አንዱን ደራሲ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቦታ፣ በሁለት ፊደል ሥር ማስቀመጥ ነው። ለራስዎ ሥራ ደግሞ አንድ አጻጻፍ መርጠው ይጽኑበት፤ ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም ያውጡ።

ሐረግ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋቢ ማስዘርዘርስ?

አራሚው፦ ቅድም የነገርኋችሁ የቫን ደር ጌር ነገር በየቀኑ ይደገማል ማለት ነው። ደራሲው እውነተኛ፣ ጆርናሉ እውነተኛ፣ መጣጥፉ ግን የሌለ ሊሆን ይችላል። የዲኦአይ ቁጥሩን (የመጣጥፉን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ከፍታችሁ የሚወጣው ያ ርእስ መሆኑን አረጋግጡ። መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ መጣጥፍ ሊያወጣ ይችላል። መጣጥፉ ተሰርዞ እንደሆነም እዚያው እዩ፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የእ.ኤ.አ. 1998 የላንሴት ጽሑፍ በ2010 ከተሰረዘ በኋላም ሲጠቀስ ኖሯል።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ ከላይ እንዳዘዙኝ ዋቢዬን አመጣሁ። ኤፒኤ ነው። በዝርዝሩ «2017፣ ቅጽ 12፣ ቁጥር 3፣ ገጽ 245–238» ይላል፤ በጽሑፌ ውስጥ ግን 2016 ብዬዋለሁ፤ ያወረድሁት ቅጂ ላይ ያለው ዓመት እርሱ ነው።

አራሚው፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ገጾቹ ተገልብጠዋል፤ መነሻው 238 ሳይሆን አይቀርም፤ መጣጥፉን ከፍተው ያረጋግጡ። የዓመቱ ልዩነት የመጣው መጣጥፉ በ2016 በድረ ገጽ ቀድሞ ወጥቶ፣ ቅጽና ቁጥር ያገኘው በ2017 ስለሆነ ነው። ቅጹንና ቁጥሩን ከጻፉ ዓመቱም የዚያው ቅጽ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በጽሑፍዎ ውስጥ 2016 ያሉትን ሁሉ ወደ 2017 ይለውጡ፤ በሠንጠረዥ ግርጌ ያለውንም አይርሱ።